ሞተር የሚለካው በአውሮፕላኑ ነው፦ «ትልቁን ግዙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሬዲዮ ለሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ምን ያህል ሞተር ይበቃል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን በጀማሪዎች ዘንድ ሲዘዋወር ደርሶኝ አነበብሁት። ስለዚህ ሙያ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብርቅ በመሆኑ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ፤ ይሁን እንጂ ምክራቸው እንዳለ ቢተገበር ብዙ አዲስ አውሮፕላን ገና በመጀመሪያዎቹ በረራዎች እንደሚከሰከስ ስለማምን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ትርፍ ኃይል ስለማይጎዳ አምራቹ ከመከረው በላይ ያለውን ሞተር ግዙ፤ የሞተር ጉልበት የሚታወቀው በሲሲው ነው፤ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 3 ሲሲ ያዙ፤ እንደ አሜሪካዋ ዴንቨርና አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች በሞተሩ መጠን ሁለት ደረጃ ጨምሩ፤ ፕሮፔለሩ የነበረው ይበቃል፤ ኤሌክትሪክ የሚመርጥ ሰው ኬቪው (ለአንድ ቮልት የሚዞረው ዙር) ከፍ ያለውን ሞተር ይውሰድ፤ ትልቅ ሞተር የገዛ ሰው ለሚቀጥለው አውሮፕላኑም ስለሚሆነው ገንዘብ ይቆጥባል።

ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ ለሁሉም ነጥብ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ምሳሌ አደርጋለሁ። ጀማሪዎች በብዛት የሚገዙት፣ ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፣ ከባልሳ እንጨት የተሠራ የመለማመጃ አውሮፕላን ነው፤ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.6 ሜትር፣ ስፋቱ 45 ዴሲ ሜትር ካሬ፣ ለበረራ የተሰናዳ ክብደቱ 2.5 ኪሎ ግራም ይሁን። አምራቾች ለእንዲህ ያለው አውሮፕላን ከ.40 እስከ .46 ባለ ሁለት ምት ሞተር ይመክራሉ። ቁጥሩ የሲሊንደሩን ይዘት በኩቢክ ኢንች የሚገልጽ ነው፤ ወደ ሲሲ ሲለወጥ .40 ማለት 6.5 ሲሲ፣ .46 ማለት 7.5 ሲሲ፣ .60 ማለት 10 ሲሲ ያህል ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ጸሐፊው ትርፍ ኃይል ጉዳት እንደሌለው፣ ያልተፈለገ ጊዜ ትሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) መቀነስ ብቻ እንደሚበቃ ይናገራሉ። ትሮትል ግን ኃይልን እንጂ ክብደትን አይቀንስም። በ.46 ምትክ .60 ቢታሰር ምን እንደሚሆን በግራም እንየው። ማርሚታው ተጨምሮ .46 ሞተር ከ450 እስከ 500 ግራም፣ .60 ደግሞ ከ650 እስከ 750 ግራም ይመዝናል፤ ልዩነቱን 220 ግራም እንበለው። ይህ ክብደት የሚያርፈው ከስበት ማእከሉ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ርቆ በመሆኑ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ይደፋል፤ ሚዛኑን ለመመለስ 75 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ጭራው ሥር፣ 73 ግራም ያህል እርሳስ ማሰር ግድ ይሆናል። ትልቁ ሞተር ነዳጅ አብዝቶ ስለሚጠጣ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ታንክ በ350 ሚሊ ሊትር ሲተካ ደግሞ፣ ሲሞላ ሌላ 95 ግራም ገደማ ይታከላል። ሲደመር 390 ግራም ገደማ ነው፤ 2.5 ኪሎ የነበረው አውሮፕላን 2.9 ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ይህ በበረራ ላይ ምን ትርጉም አለው? ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት፣ በእኛ አነጋገር ስቶል የምንለው፣ ከክብደቱ ጋር ከፍ ይላል። በባሕር ጠለል አቅራቢያ የምሳሌው አውሮፕላን ስቶል የሚያደርገው በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ከባድ ሞተር ሲጫንበት ወደ 33 ያድጋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ይዞት የሚመጣው ጉልበት የክብደቱና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት በመሆኑ በሲሶ ይጨምራል፤ የጎማ ሽቦውን የሚያጎብጠውና የአካሉን ወለል የሚሰነጥቀው ይህ ሲሶ ነው። ማረፍን ገና በሚማር ሰው እጅ ላለ አውሮፕላን ከዚህ የባሰ ስጦታ አይገኝም።

በምላሹ የሚገኘውስ ምንድን ነው? አውሮፕላን በአግድም ሲበር የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ልክ ስለሚያድግ፣ 30 በመቶ ተጨማሪ ኃይል የሚያስገኘው የፍጥነት ጭማሪ 9 በመቶ ብቻ ነው። ሽቅብ ለመውጣት ትርፍ ኃይል በእርግጥ ይረዳል፤ ይህን አልክድም። ጸሐፊው የተናገሩለት ጥቅም በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሆኖም በተመከረለት .46 የሚበር የመለማመጃ አውሮፕላን ለመውጣት ተቸግሮ አያውቅም።

ትሮትሉን ቀንሶ መብረር ራሱ የራሱ ጣጣ አለው። እነዚህ ሞተሮች በሜታኖል፣ በዘይትና በጥቂት ናይትሮሜቴን የሚሠሩ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሌላቸው፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት ግሎው ፕለግ በሚባለው መሰኪያ ውስጥ ባለ የፕላቲነም ሽቦ ግለት ነው። ሽቦው ግለቱን ጠብቆ የሚቆየው ሞተሩ ሲሠራ ነው፤ ሞተሩ ሩብ ትሮትል ላይ ለረጅም ጊዜ ሲንከላወስ ክራንክ ቤቱ ውስጥ ዘይትና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይጠራቀማል፣ ግሎው ፕለጉ ይቀዘቅዛል፣ አብራሪው ለማረፍ ዞሮ በድንገት ትሮትል ሲሰጥ ሞተሩ ያስነጥስና ቀጥ ይላል። ይህን የቀመሰ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ ደግሞ ፍሬን የሌለው አውሮፕላን መሬት ላይ አልቆም ይላል፣ አየር ላይም ለማረፍ ፍጥነት አልቀንስ ይላል። ትሮትሉን ስለመቀነስ የተሰጠው ምክር ስለዚህ ውሃ አያነሳም። ሞተሩ የሚታሰርበት የፊት ሳንቃም ቢሆን ለ.46 ንዝረትና ጉልበት ተለክቶ በሙጫ የተያያዘ ነው። ቁልቁል በሙሉ ትሮትል ሲወርድ አይለሮኑ (በክንፉ ኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) መርገብገብ ከጀመረ ክንፉ ለመበጣጠስ ሰከንዶች ይበቁታል።

ሁለተኛው ነጥብ ጉልበትን ከሲሲ ጋር ያመሳስላል። የክራንክ ዘንጉ በኩሽኔታ ሳይሆን በተራ የብረት ቀለበት (ቡሽ) ላይ የሚሽከረከር ርካሽ .40 ሞተር 1 የፈረስ ጉልበት ያህል ሲሰጥ፣ ኩሽኔታ የተገጠመለት፣ የጃፓኑ ሞተር አምራች የኦ.ኤስ. .46 ኤኤክስ ግን በፋብሪካው መግለጫ መሠረት 1.65 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በይዘት የሚበላለጡት 15 በመቶ ብቻ ሲሆን በጉልበት ግን ከግማሽ በላይ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊውም ሆኑ ብዙ ሻጮች የማያነሱት አንድ ነገር አለ፤ ይህ 1.65 የተለካው በደቂቃ 16,000 ዙር ላይ ነው። 11 በ6 ፕሮፔለር (11 ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመቱ በኢንች ነው፤ ስለ ስድስቱ ኋላ እመለስበታለሁ) የታሰረለት .46 መሬት ላይ የሚደርሰው ወደ 12,000 ወይም 13,000 ዙር ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ማንም የማይበርበት ጉልበት ነው፤ ሞተር ከሞተር ማወዳደር የሚቻለው ያው አንድ ፕሮፔለር በሁለቱም ላይ ታስሮ ዙሩ ሲቆጠር ነው።

ባለ አራት ምት ሞተር ሲመጣ የሲሲው ስሌት ጭራሽ ይፈርሳል። ኦ.ኤስ. በ1976 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፍኤስ-60 የተባለውን ባለ አራት ምት ሞተር ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የሞዴል ሰዎች በሙሉ የሚያውቁት ነገር ቢኖር፣ የ.46 ባለ ሁለት ምትን ሥራ የሚሠራው ባለ አራት ምት .70 መሆኑን ነው፤ ምክንያቱም አንዱ በየዙሩ ሲያቀጣጥል ሌላው በየሁለት ዙር ነው የሚያቀጣጥለው። ባለ አራት ምቱ በዝግታ ይዞራል፣ ሰፋ ያለ ፕሮፔለር ይጎትታል፣ ድምፁም ለጆሮ ይስማማል፤ ለእኔ ጣዕም እንዲያውም ይበልጥብኛል። ጸሐፊው ግን .70 የሚል ቁጥር አይተው ለመለማመጃ አውሮፕላን ከልክ በላይ ነው ማለታቸው ሁለቱን ዓይነት በአንድ ሚዛን በማስቀመጣቸው የመጣ ስሕተት ነው። ትልቁን ግዙ የሚል ሰው በዚህ ቦታ ትንሹን ግዙ ማለቱ ደግሞ ራሱን ከራሱ ጋር ያጣላዋል።

ሦስተኛው ነጥብ ለአንድ ኪሎ ግራም 3 ሲሲ የሚለው ቀመር ነው። 2.5 ኪሎውን በ3 ስናባዛ 7.5 ሲሲ፣ ማለትም ልክ .46 ይመጣል፤ ጸሐፊው የራሳቸው ቀመር የራሳቸውን የመጀመሪያ ምክር እንደሚቃረን አላስተዋሉም። ቀመሩ ለመለማመጃ አውሮፕላን ልክ የሆነው ግን በአጋጣሚ ነው፤ አውሮፕላኑ ምን ሊሠራ እንደተፈለገ ስለማይጠይቅ ከዚያ አልፎ አይሄድም። ለዚህ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ አሜሪካዊው ሜይናርድ ሂልና ባልደረቦቹ በነሐሴ 2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያደረጉት በረራ ነው። ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ በእጅ ተወርውሮ የተነሣው ሞዴላቸው አትላንቲክን አቋርጦ፣ 38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በርሮ፣ 3,028 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አየርላንድ አረፈ። ሲነሣ ክብደቱ ለክብረ ወሰኑ ከተፈቀደው 5 ኪሎ ግራም በጥቂቱ ያነሰ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ነዳጅ ነበር። ሞተሩ 10 ሲሲ ባለ አራት ምት ነው። በጸሐፊው ቀመር ይህ አውሮፕላን 15 ሲሲ ያስፈልገው ነበር፤ 15 ሲሲ ቢታሰርለት ግን ነዳጁ ከባሕሩ መሃል ያልቅበት ነበር። ሂል የፈለገው በሰዓት 78 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ሁለት ሌሊት የማይጠፋ ሞተር ነው፤ ያገኘውም ያንኑ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ክብደቱ ያው 2.5 ኪሎ ሆኖ በፕሮፔለሩ ተንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተሠራ የትርኢት አውሮፕላን 3 ሲሲ በኪሎ ፈጽሞ አይበቃውም። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ከሲሲ ይልቅ የግፊትን ከክብደት ጋር ያለ ንጽጽር የሚጠይቁት። ለመለማመጃ አውሮፕላን ፕሮፔለሩ የሚሰጠው ግፊት የክብደቱ ግማሽ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቢሆን ይበቃል፤ ለአክሮባት ከክብደቱ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ተንጠልጥሎ ለሚቆመው አንድ ተኩል እጥፍ ይፈለጋል። ይህን ለማወቅ አውሮፕላኑን ከጭራው በዓሣ ሚዛን አስሮ ትሮትሉን ሙሉ በሙሉ መክፈት ይበቃል፤ ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ከማንኛውም ቀመር ይበልጣል።

አራተኛው ነጥብ ስለ ከፍታ ነው፤ የጽሑፉ ጠቃሚው ክፍልም፣ አደገኛው ክፍልም ይኸው ነው። ሞዴሎቼን የማበርበት ሜዳ ከዴንቨር አጠገብ በአውሮራ ኮሎራዶ ስለሆነ ጉዳዩ በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዴንቨር የበጋ ቀን ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሲደርስ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠለሉ መደበኛ ልክ በ22 በመቶ ያንሳል፤ በአዲስ አበባ 22 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት በኋላ በ26 በመቶ ያንሳል። ሞተሩም በዚያው ልክ አየር ያጣል። የሰው ሳንባ ከከፍታ ጋር ይላመዳል፣ እንጦጦ ላይ የሚሮጡ አትሌቶቻችን ምስክር ናቸው፤ ሞተር ግን አይላመድም። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ትክክል ናቸው።

የሚሳሳቱት ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ውጡ ሲሉ ነው። አየሩ የሚሳሳው ለሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ለክንፉም ነው። የምሳሌው አውሮፕላን በባሕር ጠለል በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ስቶል ያደርግ የነበረው፣ አዲስ አበባ ላይ ምንም ሳይጨመርበት 36 ላይ ያደርገዋል። ከላይ ያሰላነው 390 ግራም ሲታከል 39 ይሆናል። ስለዚህ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ከባሕር ዳርቻው ሰው ይበልጥ ክብደትን መፍራት አለበት። ጸሐፊው ከፍታን እንደ ምክንያት አቅርበው ክብደት እንድንጨምር ይመክራሉ፤ ከፍታ የሚያስተምረው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

ሞተሩ የተዳከመ የሚመስለው ሁልጊዜ በአየር ማነስ ብቻም አይደለም። ከሂውስተን ወይም ከሌላ ዝቅተኛ ከተማ መጥቶ እኛ ሜዳ ላይ ሞተሩን የሚያስነሣ ሰው በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ነገር አለ። የካርቡራተሩ መርፌ የተስተካከለው ለወፍራም አየር ነው፤ እዚህ አየሩ ሲያንስ ነዳጁ ያው ስለሆነ በድብልቁ ውስጥ ነዳጁ ይበዛል። ከማርሚታው ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የአውሮፕላኑ ጎን እስከ ጭራው በዘይት ይርሳል፣ ድምፁም ጥርት ከማለት ይልቅ ይንተባተባል። ባለቤቱ ሞተሩ ከፍታ እንዳሸነፈው ያምናል፤ መድኃኒቱ ግን መርፌውን በጥቂት ጠቅታ ወደ ውስጥ ማዞር ነው። ትሮትሉ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ዙሩ ጫፍ እስኪደርስ መርፌው ይዘጋል፣ ከዚያ ዙሩ 200 ወይም 300 እስኪወርድ ድረስ ይመለሳል፣ በመጨረሻም አውሮፕላኑ በአፍንጫው ሽቅብ ተይዞ ድምፁ ይደመጣል፤ ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ካልደከመ መርፌው በቦታው ነው። አውሮፕላኑን የሚይዘው ሰው ከፕሮፔለሩ ጎን ሳይሆን ከኋላው መቆም አለበት፤ ይህን ጽሑፍ ለሚያነብ ጀማሪ ይህችን ብቻ ብነግረው እንኳ ደስ ይለኛል።

መርፌው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ይህንንም ዙር መቁጠሪያ አይናገረውም። በከፍታ የሞተሩ ጉልበት በሩብ ሲቀንስ ፕሮፔለሩን የሚጫነው አየርም በሩብ ይቀንሳል፤ በዚህም የተነሣ ሞተሩ በባሕር ጠለል 12,500 ዙር ከዞረ አዲስ አበባም ላይ ወደ 12,500 ይጠጋል። ዙሩ ስላልወረደ ኃይሉ ያልወረደ ይመስላል፤ ግፊቱ ግን ሩብ ያህል ጠፍቷል። ጸሐፊው በዴንቨር የቆጠሩትን ዙር አቅርበው ትልቁ ሞተር ከፍታን እንዳሸነፈ ማስረጃ ማድረጋቸው በዚህ ምክንያት ማስረጃ አይሆንም፤ ትንሹም ሞተር ቢሆን በባሕር ጠለል የነበረውን ዙር ሳይቀንስ ያሳያቸው ነበር።

ጉድለቱ የሚሞላው ክብደት ሳይጨመር ነው። ኦ.ኤስ. .55 ኤኤክስ የተባለውን ሞተር የሠራው በ.46ቱ ማሰሪያ ልክ ነው፤ የሚያርፈው በእነዚያው አራት ብሎኖች ላይ ነው፣ ክብደቱም ከ.46 የሚበልጠው በጥቂት ግራሞች ብቻ ነው። ይዘቱ ግን 20 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ከፍታ የወሰደውን አብዛኛውን ይመልሳል። ከፍታ ላይ ያለ ሰው መጨመር ያለበት ይህን ያህል ነው። ሁለተኛው መንገድ ናይትሮሜቴን ነው። ናይትሮሜቴን በራሱ ውስጥ ኦክስጅን የያዘ ነዳጅ ስለሆነ ያነሰውን አየር በከፊል ይተካል፤ በእኛ አካባቢ 5 በመቶ በሚበቃበት ሞተር 15 በመቶ የሚጠቀሙ ሰዎች ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዋጋው ግን ይከብዳል።

አምስተኛው ነጥብ፣ የነበረው ፕሮፔለር ይበቃል የሚለው፣ ከአራተኛው ጋር መነበብ አለበት። ሞተር አውሮፕላንን አይጎትትም፤ ሞተር ፕሮፔለርን ያዞራል፣ አውሮፕላኑን የሚጎትተው ፕሮፔለሩ ነው። ለ.40 የተመረጠ 10 በ6 ፕሮፔለር .60 ላይ ቢታሰር ሞተሩ የሚጫነው ስለማያገኝ ዙሩ ከ16,000 ያልፋል፤ የፕሮፔለሩ ጫፍ በሰከንድ ከ213 ሜትር በላይ፣ ማለትም ከድምፅ ፍጥነት ሁለት ሦስተኛውን ወደሚጠጋ ፍጥነት ይደርሳል። የዚህ ውጤት ጩኸት፣ የክራንክ ኩሽኔታ መበላት፣ ከሜዳው ጎረቤቶችም ስሞታ ነው። የተገዛው ኃይል ወደ ግፊት የሚለወጠው ሰፊ ፕሮፔለር ሲኖር ነው፤ ሰፊው ፕሮፔለር ደግሞ መሬት እንዳይነካ ረጅም እግር ይፈልጋል፣ የመለማመጃ አውሮፕላኑ እግር ግን የተለካው ለ11 ኢንች ነው። .60 እንዲሠራ 12 ኢንች ያስፈልገዋል። ጸሐፊው ይህን ባለማንሣታቸው ምክራቸውን የተከተለ ሰው ሣር እያጨደ ሊነሣ ነው።

ስለ ሁለተኛው ቁጥርም አንድ ነገር መባል አለበት። 10 በ6 ሲባል ስድስቱ ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር በንድፈ ሐሳብ ወደ ፊት የሚጓዘው ኢንች ነው። በ13,000 ዙር ይህ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 11 በ5 በ12,500 ዙር ደግሞ 95 ኪሎ ሜትር። በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ስቶል ለሚያደርግ አውሮፕላን 95 ከበቂ በላይ ነው፣ የስፋቱ ጭማሪ ደግሞ ሲነሣና ሲወጣ የሚፈለገውን ግፊት ይሰጣል፣ ቁልቁል ሲወርድም እንደ ፍሬን ይይዛል። ለምሳሌው አውሮፕላን አንድ ፕሮፔለር ብቻ ግዛ ብባል 11 በ5 ነበር የምገዛው። ዋጋውም ከሞተሩ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሞተር ከመቀየሩ በፊት ሦስት አራት ፕሮፔለር መሞከር ለማንም አይከብድም።

ወደ ኤሌክትሪክ ስንመጣ ጸሐፊው ኬቪን የጉልበት መለኪያ አድርገው ወስደዋል። ኬቪ ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት ለአንድ ቮልት ስንት ዙር እንደሚዞር የሚናገር ቁጥር ነው፤ 800 ኬቪ ሞተር በባለ 4 ሴል ባትሪ፣ ማለትም በ14.8 ቮልት፣ ያለ ጭነት 11,840 ዙር ይዞራል ማለት ብቻ ነው። ፕሮፔለሩ ሳይቀየር ኬቪው በ20 በመቶ ቢጨምር የሚሳበው ኃይል በዙሩ ኩብ ስለሚያድግ ከ70 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ወይም ባትሪው የሚጨሰው ያኔ ነው። ኤሌክትሪክ የሚለካው በዋት ነው። በኪሎ ግራም 220 ዋት ለመለማመጃ አውሮፕላን በቂ ልክ ሲሆን፣ 2.5 ኪሎው 550 ዋት ይሻል ማለት ነው፤ ባለ 4 ሴል ባትሪና 45 አምፔር የሚችል መቆጣጠሪያ ይህን ያለ ጭንቀት ይሰጣሉ።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ለአዲስ አበባ አንባቢ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ነጥብም እዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታ ከእርሱ የሚወስደው ኃይል የለም። አየሩ ሲሳሳ ፕሮፔለሩ ስለሚቀልለት አምፔሩ ይወርዳል፤ አብራሪው የሚጠበቅበት አምፔሩ ወደ ቀድሞው ልክ እስኪመለስ ድረስ የፕሮፔለሩን ስፋት ግማሽ ወይም አንድ ኢንች መጨመር ነው። እንዲህ ሲደረግ የግፊቱ ጉድለት ከ26 በመቶ ወደ 6 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ያውም አንድ ግራም ሞተር ሳይጨመር። ጥንቃቄ የሚያሻው ስስ አየር ሙቀትን በደንብ ስለማይወስድ ነው፤ ከበረራ በኋላ ሞተሩን በእጅ ነክቶ ማየትና የአየር መግቢያውን ማስፋት ተገቢ ነው። ነዳጁም ሌላ ምክንያት ይሆናል፤ ሜታኖልና ናይትሮሜቴን በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ፈሳሾች በመሆናቸው በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ይዞ መብረር የተከለከለ ነው። ሊቲየም ባትሪ ግን እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ፣ ጫፎቹ ተሸፍነው፣ በእጅ ሻንጣ ይያዛል፤ 3,300 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባለ 4 ሴል ባትሪ 49 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። አውሮፕላኑን ራሱን ወደ አገር ቤት ለማስገባት ስለሚጠየቀው ፈቃድ ግን ትኬት ከመቁረጥ በፊት የሚመለከተውን አካል መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። አንድ ትልቅ ሞተር ገዝቶ ወደ ሚቀጥለው አውሮፕላን ማዛወር ይቆጥባል የሚለው ሐሳብ በከፊል እውነት አለው፤ ጥሩ ሞተር በእርግጥ ከብዙ አውሮፕላኖች በላይ ዕድሜ አለው። ነገር ግን የጀማሪ አውሮፕላን ሲወድቅ ቀድሞ መሬት የሚመታው አፍንጫው ነው፤ አፍንጫው ላይ ያለው ሞተሩ ነው፤ የሚታጠፈው የክራንክ ዘንግና የሚሰበረው ካርቡራተር ለ.60 ከ.46 ይልቅ ውድ ነው። በዚያ ላይ ሁለተኛ አውሮፕላን ብለው የሚገዙት፣ ክንፉ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው የስፖርት አውሮፕላን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለዚያው ለ.46 ነው። ስለዚህ መቆጠብ የፈለገ ሰው ኩሽኔታ ያለውን .46 ገዝቶ፣ ከፍታ ላይ ከሆነ ደግሞ በእርሱ ቀፎ ልክ የተሠራውን .55 ወስዶ፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን በአራት ብሎን ማዛወር ይችላል።